ስም የሚያወጣ ስክሪን

የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ጠዋት ሥራ ሲገቡ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ ሰላም ሳይሉ አያልፉም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጣሪያ በነኩ መደርደሪያዎች መሐል የሰው ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ ስለኖሩ፣ እውነተኛ ስማቸው ተረስቶ ትንሽ ትልቁ «ጋሼ ካርድ» ይላቸዋል። እሳቸውም ለምደውታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አንዲት የሚያውቋት መምህርት አገኙ። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ለመታከም መምጣት ከጀመረች ዐሥር ዓመት አልፏታል። ጋሼ ካርድ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው «እንዴት አደርሽ የኔ እመቤት?» አሏት።

መምህርቷ አየቻቸው፤ አየቻቸውና ፊቷን አዞረች።

አልሰማችኝም ይሆናል ብለው ጠጋ አሉ። «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?»

«የእኔን ደህንነትማ አገር ሁሉ ያውቀው የለ!» አለች። «እኔ እኮ እርስዎን እንደ አባት ነበር የማይዎት። ካርዴን ከእጅዎ ስቀበል አንድ ቀን ሰግቼ አላውቅም። ምን በደልኩዎ ጋሼ?»

ጋሼ ካርድ ክው አሉ። መምህርቷ ስልኳን አውጥታ ዓይናቸው ሥር ደቀነችላቸው። ከወር በፊት መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ፎቶ ነው። ከላይ «ካርድ ክፍል» ይላል። ከሥሩ የመምህርቷ ሙሉ ስም ከነአባትና ከነአያቷ ተጽፏል፤ ከስሙ ጎን ደግሞ «አእምሮ ሕክምና፣ ክፍል 9» የሚል አለ። ፎቶውን የላከው ሰው ግርጌው ላይ «ልጆቻችንን የምታስተምረው ማን እንደሆነች እወቁ» ብሎ ጽፎበታል። የላከውም በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው።

«ሐሙስ ለት ተላከ። ዓርብ ስድስት ወላጆች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። ሰኞ 'እስኪጣራ ድረስ' ተባልኩና ከክፍሌ ወጥቼ መጋዘን ውስጥ የመማሪያ መጽሐፍ እንድቆጥር ተደረግሁ። ምን እንደሚጣራ ግን የነገረኝ የለም። ከላይ የተጻፈው የእርስዎ ክፍል ስም አይደለም?»

አውቶቡሱ መጣ። መምህርቷ መልስ ሳትጠብቅ ተሳፈረች።

ጋሼ ካርድ ቆመው ቀሩ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በእጃቸው ያላለፈ ጉድ የለም፤ የባልና የሚስት፣ የአለቃና የምንዝር፣ የራሳቸው ዘመድ ጭምር። ቤታቸው ገብተው ለሚስታቸው እንኳ «ዛሬ እነ እገሌ መጥተው ነበር» ብለው አያውቁም። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» ሲላቸው «እኔ ቁጥር እንጂ ሰው አላይም» ይሉና ያልፋሉ። ዛሬ ግን ወሬ አቀባይ ተባሉ። ደማቸው ፈላ። ወደ ካርድ ክፍል መግባቱን ትተው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ።

እዚያ ያለችው የእህታቸው ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ በማዕረግ የተመረቀች፣ ጤና ጣቢያው በኮንትራት የቀጠራት፣ ያንን ስክሪንና ስክሪኑን የሚያናግረውን ፕሮግራም የሠራች እሷው ናት። ጠባብ ክፍሏ በሽቦ ተተብትቧል፤ መስኮቱ ላይ የተደገፈ ቬንትሌተር ይንጣጣል። አጎቷን ስታይ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ተነሣች።

«ጋሼ! በምን ቀን ወጡልኝ! በሉ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ያንን ስክሪን የሰው ስም ከነክፍሉ አውጣ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«መበላሸቱንስ ተበላሽቷል!» አሉና የመምህርቷን ነገር አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት።

ልጅቷ ፊቷን ቅጭም አድርጋ አዳመጠች፤ ግን ለመሸነፍ አልቸኮለችም። የተማረ ሰው የደከመበት ሥራ ሲነቀፍ መጀመሪያ የሚታየው ድካሙ ነውና።

«በጣም ያሳዝናል። ግን ጋሼ፣ ይፍረዱ፤ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው ወይስ ፎቶ አንሥቶ የላከው ሰው? ድሮ ሰው ሁለት ሰዓት ተኮልኩሎ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። እርጉዞች መቀመጫ ያገኙት በእኔ ፕሮግራም ነው።»

«መፍጠኑን አልካድኩም። የላከውም ባለጌ ነው። ለባለጌው ያቀበለው ግን ማነው?»

«ደግሞስ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «በዚህ ዘመን ምስጢር ብሎ ነገር አለ? ሰው የበላውን፣ የለበሰውን፣ ከማን እንደተጣላ ሳይቀር ራሱ ፌስቡክ ላይ ይለጥፍ የለም እንዴ! ስልካችን የት እንደዋልን ያውቃል። አልፎ የሄደ ነገር ነው ጋሼ። ያላጠፋ ሰው ምን ይደብቃል? ሕመም ነውር አይደለም።»

«ነውር አለመሆኑን ለእኔ አትንገሪኝ፤ መጋዘን ለከተቷት ንገሪያቸው!» አሉ ጋሼ ካርድ፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ራሱ የሚለጥፍ ሰው ወድዶ ነው የለጠፈው። እኔ ዛሬ ሸሚዜን አውልቄ ባሕር ብገባ በፈቃዴ ነው፤ አንቺ መንገድ ላይ ብታወልቂብኝ ግን ይኼ ሌላ ነገር ነው። እሷን ማን ጠየቃት? ስሟን የሰጠችው እንድትታከም ነው ወይስ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው እንዲነበብ?»

ሽማግሌው ኮምፒውተሩ ላይ ወደተደረደረው ጽሑፍ አገጫቸውን ቀስረው ጠየቁ።

«ለመሆኑ በምን ቋንቋ ነው እሱን የምታዢው?»

«ፓይተን በሚባል ነው። የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ብዙ ዓይነት አለ፤ እኛ ባለሙያዎቹ የትኛው ይበልጣል እያልን ስንከራከር ነው የምንውለው» አለች፤ ነገሩ የበረደላት መስሏት ፈገግ ብላ።

«የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ይኼ ያንቺው ቋንቋ 'ዝም በል' የሚል ቃል የለውም?»

ፈገግታዋ ጠፋ። «አለው» አለች።

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪው ቀረሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝማ። ሥራ አስኪያጁ ያሉኝ 'ወረፋው ይፍጠን' ነው። የሰው ምስጢር ይጠበቅ ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

ጋሼ ካርድ ያኔ ተቀመጡ። ንዴታቸው ባይበርድም ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ልጄ፣ ያንቺም ካርድ ታች እኔ ጋ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመትሽ ሳለ ብቻሽን መጣሽ። የትምህርት ቤት ሹራብሽን ገልብጠሽ ለብሰሽ ነበር፣ እንዳትታወቂ። እኔን መስኮቱ ጋ ስታዪኝ ልትመለሺ ነበር። ካርዱን ገልብጬ ሰጠሁሽ፤ ቀና ብዬም አላየሁሽም።»

ልጅቷ ፊቷ ደም መሰለ። «እናቴ ታውቃለች?»

«ከየት ታውቃለች? እናትሽ እህቴ ናት፤ ስንት ጊዜ አንድ ማዕድ ቀርበናል። በምን ምክንያት እንደመጣሽ ለራሴም ደግሜ አላሰብኩትም። ግን ያኔ ይኼ ያንቺ ስክሪን አዳራሹ ውስጥ ቢኖርስ? ተመልሰሽ ትሄጂ ነበር። ሳትታከሚ።»

ልጅቷ ያንን ቀን፣ መስኮቱን፣ የተገለበጠውን ካርድ አስታወሰች። ወደ ኮምፒውተሯ ዞረችና ስክሪኑን እዚያው አጠፋችው።

«ተሳስቻለሁ» አለች። «ግን እኔም አንድ ነገር ልናገር፤ አይቆጡኝ። እርስዎ አፍዎን ይይዛሉ፤ የእርስዎ ክፍልስ? ባለፈው ስመጣ ሃያ ካርድ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ ማንም ያነበው ነበር። እርስዎ ዕረፍት ሲወጡ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው። ማን ገብቶ ምን እንዳየ በምን ያውቃሉ?»

ጋሼ ካርድ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። እውነት ነበርና።

«ኮምፒውተር በአግባቡ ከታዘዘ አንድን ፋይል ማን እንደከፈተው፣ በስንት ሰዓት እንደከፈተው ይመዘግባል። የዐይን ሐኪሙ የአእምሮ ሕክምናውን ፋይል እንዳያይ ይከለክላል። ወረቀት ይኼን አይችልም። እርስዎ ጡረታ ሲወጡ የእርስዎ ጠባይ አብሮ ይወጣል፤ ደንብ ከሆነ ግን ይቀራል።»

«እንዲህ ያለውን ካወቅሽ» አሉ ሽማግሌው በብስጭትና በአድናቆት መሐል ሆነው፣ «ከመጀመሪያው ለምን አልሠራሽውም?»

«አሁን እሠራዋለሁ። እርስዎ አጠገቤ ሆነው ምን መደበቅ እንዳለበት ይነግሩኛል።»

ሁለቱ ተያይዘው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። ሥራ አስኪያጁም «የሚሠራን ነገር ለምን ትነካካላችሁ? በመቶ ሺህ ሰው መሐል አንዲት ሴትዮ ቅር ቢላት...» ብለው ጀመሩ። ጋሼ ካርድ ወንበሩን ስበው ከፊታቸው ተቀመጡና «ጌታዬ፣ ነገ ጠዋት የእርስዎ ስም ከነክፍሉ እንዲወጣ ይፈቅዳሉ? ይፍቀዱና ስክሪኑ ይመለስ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። «ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉ በመጨረሻ።

አራት ቀን ፈጀ። በአምስተኛው ቀን ስክሪኑ ሲበራ ቁጥር ብቻ አወጣ፤ ክፍሎቹም በበሽታ ስም መጠራታቸው ቀርቶ በቁጥር ብቻ ሆኑ።

የቀረው መምህርቷ ነበረች። የእህትና የወንድም ያህል የተስማሙት አጎትና የእህት ልጅ ቅዳሜ ቤቷ ሄዱ። ልጅቷ ከመቀመጧ በፊት «ያንን ስክሪን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼ ምንም የሉበትም። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለች። ከዚያም ያሰበችውን ነገረቻት፤ ሐኪሙ «መምህርቷ ጤነኛ ናት» የሚል ደብዳቤ ቢጽፍና ለወላጆቹ ቢነበብ።

መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም። ጤነኛ ናት ብላችሁ አትናገሩልኝ። ጤነኛ ባልሆንስ? መድኃኒት የምወስድ ብሆንስ? ያኔ መጋዘን ልክ ነው ማለት ነው? ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች ማንበብ መቻል አለመቻላቸውን ይዩ። እናንተ የምትናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኔ የሆነውን ያለፈቃዴ እንዳወጣችሁ።»

ልጅቷ ይኼን አላሰበችውም ነበር። የምታውቀው ሁሉ ሌላ ምስጢር አውጥቶ የመጀመሪያውን መሸፈን ነበር። ደብዳቤውን እንደተባለችው ጻፈችው።

ሰኞ ከሰዓት ወላጆቹ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ግድግዳው ሥር የቆመም ነበር። ልጅቷ ፊት ለፊት ወጥታ አነበበች። ጤና ጣቢያው የአንዲት ታካሚን ስም በአደባባይ ማውጣቱን፣ ይህም ትልቅ ጥፋት መሆኑን፣ የሠራችውም እሷ መሆኗን ተናገረች። አንብባ ስትጨርስ ከኋላ አንድ ጎልማሳ አባት ተነሣ።

«ይቅርታውስ ይሁን። ግን ቁርጡን ንገሪን፤ ሴትዮዋ በሽታው አለባት ወይስ የለባትም?»

ልጅቷ ወረቀቱን አጠፈችው።

«አላውቅም» አለች። «ባውቅም አልነግርዎትም። እርስዎ ነገ ለመታከም ሲመጡም ጎረቤትዎ ስለ እርስዎ ቢጠይቀኝ ይኼንኑ ነው የምመልስለት።»

ሰውየው ሌላ ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠች እናት ጃኬቱን ጎተተችውና ተቀመጠ። ሌላዋ እናት ደግሞ ተነሥታ፣ ልጇ በዚያች መምህርት እጅ ማንበብ እንደቻለ፣ ፎቶውን ባየች ቀን ዝም በማለቷ እንደምታፍር ተናገረች።

ርዕሰ መምህሩ በማግስቱ መምህርቷን ቢሯቸው ጠርተው «ወደ ክፍልሽ መመለስ ትችያለሽ» አሏት፤ ትልቅ ችሮታ የቸሯት ያህል። እሷ ግን አልተነሣችም።

«ፎቶው ስልክዎ ውስጥ አለ?»

«እ... አለ መሰለኝ።»

«እዚሁ ፊቴ ያጥፉት።»

አጠፉት። ከሌላው ሰው ስልክ ማን ያጠፋዋል? ያንን የሚመልስ ፕሮግራም እስካሁን ማንም አልሠራም። ሁለት ወላጆችም ልጆቻቸውን ከክፍሏ እንዳስወጡ ቀሩ። መምህርቷ ግን ጠመኔዋን ይዛ ክፍሏ ገባች።

ይኼን ታሪክ ሰምቶ «ለአንድ ስም ይኼ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ሰው መልሱ ጤና ጣቢያው ውስጥ አለ። ወረፋው ቁጥር በመሆኑ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልዘገየም። ፋይል ያለ ሥራው የከፈተ አንድ ሠራተኛ በሳምንቱ ታወቀና ተጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ የደገመ የለም። ጋሼ ካርድ በሁለት ጣት ኮምፒውተር መጻፍ ለምደዋል፤ መስኮታቸው ላይም ካርድ አይደረደርም። የእህታቸው ልጅ ሌላ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ሥሪልን ሲላት አስቀድማ «ማን እንዳያየው ነው የምትፈልጉት?» ትላለች፤ መልስ ካላገኘች ሥራውን አትጀምርም።

ዘጠነኛው ክፍል ያለችው ነርስ ደግሞ የምትለው አላት። ስክሪኑ ስም ያወጣ በነበረበት ወር ከቀጠሮዋ ግማሹ ሳይመጣ ቀርቷል፤ አሁን ግን ወንበሯ አይጎድልም። ባለፈው ሰሞንም ሁለት ጊዜ እስከ በሩ መጥቶ የተመለሰ አንድ ሰው በሦስተኛው ገብቶ ቁጥር ወሰደ፤ ታክሞም እየተሻለው ነው። ማን እንደሆነ እኛም አልጠየቅንም፤ ስለማያገባን።