ሁለት ግራ እግር ያለው ሱሪ

ደሴ፤ እናታቸው በሕይወት ሳለች ልብስ ትሰፋባት በነበረች ጠባብ ክፍል፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ። ይታይሽ በእግር የሚነዳው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣለች፤ ታናሽ ወንድሟ ደምለው ካቻቢቴ ይዞ አጠገቧ ቆሟል።

ይታይሽ፦ ብሎኗን ከነካሃት እጅህን በዚህ መቀስ ነው የማገኘው።

ደምለው፦ አራት ብሎን ናት እታለም። አምስት ደቂቃ አትፈጅም። አዳማ የሚያደርሰኝ ሑሴን ፒክአፑን አስነስቶ በር ላይ እየጠበቀኝ ነው፤ ጥሩምባውን አትሰሚም?

ይታይሽ፦ እኔም ሰፈሩም ሰምተናል። አንድ ሱሪ ልጨርስ፣ ከዚያ ብሎኑንም ራሷንም ይዘህ ሂድ አልኩህ።

ደምለው፦ ጠዋት አንድ ኪስ ልጨርስ አልሽኝ። ቀትር ላይ ኋላውን ልግጠም አልሽ። አሁን ሱሪ ሆነ። ትንሽ ከቆየሁ ደግሞ ኮት ትይኛለሽ።

ይታይሽ፦ ቁጭ በል እስቲ። ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር፤ አንተን ሳይ ስፌቱ ይጣመምብኛል።

ደምለው፦ ቁጭ አልልም። ቁጭ ካልኩ እዚህ ማደሬ ነው፤ ነገ ደግሞ አዳማ ሥራ አለኝ። የምጠይቅሽ ሽማግሌ የፈረደውን ነው። እማዬ አርባዋ በወጣ ማግስት፣ እዚያ ደጅ ላይ፣ ጋሽ ይማም በሰው ፊት ምን አሉ? «የመኪናዋ ራስ ለወንዱ፣ እግሯ ለሴቷ» አላሉም?

ይታይሽ፦ ብለዋል።

ደምለው፦ አንቺስ እሺ አላልሽም?

ይታይሽ፦ ብያለሁ። ያን ቀን ጣራውን አንሱት ቢሉኝም እሺ እል ነበር፤ የምሰማው ነገር አልነበረም። ግን አስበው እንጂ። ራስና እግር ለያይቶ የሚያካፍል ሽማግሌ የት አይተሃል? ራሷ ያለ እግሯ ብረት ናት። እግሯም ያለ ራሷ የዕቃ ማስቀመጫ ናት።

ደምለው፦ አርጅተዋል። ዘንግተው ነው።

ይታይሽ፦ ጋሽ ይማም? የሰፈሩን ድንበር ከነአጥሩ በቃላቸው የሚያውቁ ሰውዬ? አውቀው ነው እንጂ።

ደምለው፦ አውቀውም ይሁን ዘንግተው፣ ፍርድ ፍርድ ነው። ለመሆኑ ምን ዓይነት ሱሪ ነው ሳምንት ሙሉ የሚሰፋው?

ይታይሽ፦ ሰፊ ሱሪ። ወገቡ ላይ ልክክ ያለ፣ ከዳሌ በታች እስከ ቁርጭምጭሚት ለቀቅ ያለ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሰዓዳ ናት ያዘዘችኝ። አሥር ሰዓት ላይ መጥታ ትሞክረዋለች። ከወደደችው አብረዋት የሚሠሩት አሥራ አንዱም ያሰፋሉ። ሲቆሙ ቀሚስ ይመስላል፣ ሲራመዱ ሱሪ ነው፣ በሽተኛ ደግፎ ለማንሳትም ይመቻል ብለው ተስማምተዋል።

ደምለው፦ ከዚህ በፊት ስንት ሱሪ ሰፍተሻል?

ይታይሽ፦ ይሄንን።

ደምለው፦ ከዚህ በፊት ነው ያልኩሽ።

ይታይሽ፦ የትራስ ልብስ።

ደምለው፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ። ሲስተሯ ይሄን ታውቃለች?

ይታይሽ፦ የሰፊዋ የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ልጅ መሆኔን ታውቃለች። ሌላ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት።

ደምለው፦ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

ይታይሽ፦ ጠማኝ፤ ምን ላድርግ? መሥሪያ ቤታችን ከተዘጋ ስምንት ወሩ። ያላንኳኳሁት በር የለም። «እናስብበታለን እናቴ» ይሉኛል፤ እናቴ የሚለኝ ደግሞ የኔ እኩያ ነው። ሃያ ዓመት ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አሁን ፋይል የሚያስገላብጠኝ የለም። ይሄ ሱሪ ካልተሳካ ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም ደምለው። እውነቴን ነው የምልህ፣ ፈርቻለሁ።

ደምለው፦ ታዲያ ማን አሳየሽ አቆራረጡን?

ይታይሽ፦ አንዲት ልጅ በስልክ ታስተምራለች። «በጣም ቀላል ነው» ትላለች በየመሐሉ። አሥር ደቂቃ ትጨርሰዋለች።

ደምለው፦ ያቺ ልጅ ከሥር እንዲህ ክር አልተተበተበባትም መቼም። የሥር ክሩን ቦቢን ገልብጠሽ ነው የከተትሽው። ወዲያ በይ እስቲ... እንዲህ ነው። ክሩ ወደዚህ ይመጣል። አሁን ርገጪ።

ይታይሽ፦ ውይ! ሳምንቱን ሙሉ እርኩስ መንፈስ ያለባት መስሎኝ ነበር እኮ።

ደምለው፦ ምንም የለባት። በይ ቶሎ በይ፤ ምን ቀረሽ?

ይታይሽ፦ ኋላው አልቋል። የፊቱን ሁለት እግሮች መሐል ላይ ማጋጠም ነው የቀረኝ። እሱ ግን አልገጥም አለኝ። እኔ ሳገጥመው ይሄኛው ወደዚያ ይዞራል። ካገላበጥኩት ደግሞ ጀርባው ወደ ውጭ ይሆናል።

ደምለው፦ ስጪኝ። ሁለቱንም። ... እታለም።

ይታይሽ፦ ምነው?

ደምለው፦ ስትቆርጪው ጨርቁን አጥፈሽው ነበር?

ይታይሽ፦ ኋላውን አጥፌ ነው። ለፊቱ የቀረው ጨርቅ ሲታጠፍ ጠበበኝና ዘርግቼ አንድ በአንድ ቆረጥኩት። አንደኛውን ቆረጥኩ፣ እሱኑ ላዩ ላይ አስቀምጬ ሁለተኛውን ቆረጥኩ። አንድ ሚሊ አልተበላለጡም።

ደምለው፦ አለመበላለጣቸው ነው ጉዱ። ሳትገለብጪ ነው የቆረጥሽው። ሁለቱም ግራ እግር ናቸው።

ይታይሽ፦ ምን ማለት ነው ሁለቱም ግራ?

ደምለው፦ ይሄ ገበርዲን ነው፤ ፊቱ ላይ ይሄ ሰያፍ መስመር አለ፣ ጀርባው ልሙጥ ነው። አንዱን ብንገለብጠው ሲስተር አንድ እግሯ በደንቡ ለብሶ አንዱ ተገልብጦ ጤና ጣቢያ ልትገባ ነው። ትራፊ ጨርቅ የለሽም?

ይታይሽ፦ መሐረብ የሚወጣው የለም። ጨርቁን ደግሞ ወንድሟ ከድሬዳዋ ነው ያመጣላት፤ እዚህ ገበያ ላይ ዞሬ አጥቼዋለሁ። አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ደምለው፦ ዘጠኝ ሊል ነው።

ይታይሽ፦ በቃ። ፍታ ብሎንህን። ውሰዳት፣ ሑሴንም ሰው ነው፣ ተቸገረ። ለሲስተር እኔው እነግራታለሁ፤ ጨርቅዎን አበላሸሁት፣ አላውቅም ነበር፣ ዋሽቼዎታለሁ እላታለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አላስተረፍኩ። ምን ታየኛለህ? ፍታ እንጂ።

ደምለው፦ ጠመኔ አለሽ?

ይታይሽ፦ ለምን?

ደምለው፦ ጠመኔና ሜትር አምጪ። ስትቆርጪው የታችኛውን ስፋት ስንት አደረግሽው?

ይታይሽ፦ አርባ ሳንቲም። ወገቡ ላይ ደግሞ በየእግሩ ሁለት ሁለት እጥፋት ትቼለታለሁ።

ደምለው፦ ሰፊ መሆኑ ነው ያተረፈሽ። ጠባብ ሱሪ ቢሆን አልቆለት ነበር። እይ እዚህ ጋ። እጥፋቶቹን እናስቀራቸዋለን። ያ ትርፍ ጨርቅ ወደዚህኛው ጎን ይመጣና አዲሱን የብሽሽት ጉብጠት እዚህ እቆርጥለታለሁ፤ የድሮውን ጉብጠት ደግሞ ቀጥ አድርጌ አነሳዋለሁ። ግራ የነበረው ቀኝ ሆነ። ከዚያ ሌላኛውንም በሱ ልክ እናጠብበዋለን። ከአርባው ሠላሳ አራት ይቀራል።

ይታይሽ፦ ሰፊ ነው ይባላል እንግዲህ ሠላሳ አራት?

ደምለው፦ ሁለት ሰው ይገባበታል። መቀሱን።

ይታይሽ፦ ቀስ በል... ቀስ በል ደምለው፣ ሌላ የለኝም።

ደምለው፦ አትንኪኝ ስቆርጥ።

ይታይሽ፦ እንዴት እንዲህ ቀጥ ብሎ ይሄድልሃል? እጅህ ጨርቁን ሳይጎትት።

ደምለው፦ መቀሱ ጠረጴዛውን አይለቅም። ያንቺ አየር ላይ ነው የሚዘምተው። ያንን ክር ያዢልኝ። ለልክ ስለሆነ ሌላውን በእጅ ላላ አድርገን እንሰፋዋለን፣ የፊቱን መሐል ብቻ በመኪና።

ይታይሽ፦ እኔ እኮ አንተ ፔዳሉን ብቻ የምትረግጥላት ነበር የሚመስለኝ።

ደምለው፦ ፔዳል?

ይታይሽ፦ ዓይኗ ሲደክም፣ እግሯ ሲያብጥ ትረዳት የለ? እማዬ እንደዚያ ነበር የምትለኝ።

ደምለው፦ ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ ከዚህ ቤት የወጣ ልብስ ሁሉ በኔ እጅ ነው የወጣ፤ ቢያንስ ግማሹ። እሷ ትለካለች፣ እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። በኋላ በኋላ መቁረጡንም ለኔ ተወችው። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። ለክረምት ስትመጪ «እንግዳ ናት፣ ትረፍ» ተብሎ ከዚህ ክፍል አትገቢም።

ይታይሽ፦ የምረቃዬ ቀሚስስ?

ደምለው፦ እጅጌው አስቸግሮኛል። ሁለቴ ፈትቼዋለሁ።

ይታይሽ፦ ለጓደኞቼ ሁሉ እናቴ ሰፋችልኝ እያልኩ...

ደምለው፦ ምን ታድርጊ፣ የተነገረሽን ነው። ደንበኛ በር ሲያንኳኳ እማዬ «ግባ» ትለኛለች። ከዚያ መጋረጃ ኋላ እገባለሁ። ሴትዮዋ ልብሷን ትሞክራለች፣ «እጅሽ ይባረክ» ትላታለች፣ እማዬ አሜን ትላለች። አንድ ቀን እኔስ ብዬ ጠየቅኳት። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ ልጅ ሰፋው ካሉ ዳግም አይመጡም» አለችኝ። እውነቷን ነበር፣ አልተቀየምኳትም። ግን ትልቅም ሆኜ ግባ ነበር የምባለው። የሃያ ዓመት ጎረምሳ መጋረጃ ኋላ። ስምንተኛን ሳልጨርስ የቀረሁት በዚህች ወንበር ነው። ትዕግሥቴ እስኪያልቅ ቆይቼ ሄድኩ አዳማ፣ ሲሚንቶ መጋዘን።

ይታይሽ፦ ታዲያ ራሷን ወስደህ ምን ልታደርጋት ነው? ልትሰፋባት ነው?

ደምለው፦ አልሰፋባትም።

ይታይሽ፦ ልትሸጣት ነው?

ደምለው፦ ማን ይገዛታል። እንጃ። ጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ነው የማስቀምጣት። አንድ የኔ የተባለ ነገር ከዚህ ቤት ይውጣልኝ ብዬ ነው። አንቺ ትምህርቱን ወሰድሽ፣ ስሙን እማዬ ወሰደች። ጠየቅሽኝ፣ ተናገርኩ። መርፌውን ዝቅ አድርጊ፣ ክሩ ይበጠሳል።

ይታይሽ፦ ደምለው።

ደምለው፦ ዝቅ አድርጊው አልኩሽ።

ይታይሽ፦ አድርጌያለሁ። ስማኝ። እኔ በአንተ እግር ነው የተማርኩት፤ ይሄን እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ አለማወቄ ደግሞ አሳፍሮኛል። ይቅርታ ብልህ ምን ያህል እንደሚያነሳልህ አላውቅም። እኔ የመኪናዋን እግር ይዤ ራሷን የት አመጣለሁ? ራሷንም ብትተውልኝ መስፋቱን ማን ያሳየኛል? ያቺ የስልክ ልጅ? አስተምረኝ። ታላቅህ ነኝ፣ ለምኜህ አላውቅም፣ አሁን እየለመንኩህ ነው።

ደምለው፦ ሑሴን ይሄ ሁሉ ጥሩምባ... ባትሪው ያልቅበታል።

ይታይሽ፦ ታስተምረኛለህ ወይ?

ደምለው፦ አዳማ ነገ ሥራ አለኝ ብዬሻለሁ። በይ ጎኑን ያዢልኝ። እግርሽን ቀስ አድርጊ፣ መኪናዋን አትጋልቢያት። ጨርቁን አትግፊው፣ ራሷ ትስበዋለች። እንደዚያ። ትንሽ ወደ ቀኝ። ... አሁን አውጪና ዘርጊው።

ይታይሽ፦ ገጠመ። እይ እንጂ ደምለው፣ ሱሪ ሆነ! ሱሪ እኮ ነው!

ደምለው፦ በካውያ ካልተተኮሰ ገና ነው። ግን ይቆማል። ወገቡ ላይ መርፌ ቁልፍ አድርጊለት፣ ዚፑ ከልኩ በኋላ ይገባል።

ይታይሽ፦ በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። አሥር ሰዓት ሆነ እንዴ?

ደምለው፦ ሩብ ጉዳይ። በይ፣ ፊትሽን ጥረጊ። እኔ ወዲያ ልግባላችሁ።

ይታይሽ፦ የት ነው የምትገባው?

ደምለው፦ ከመጋረጃው... ሴትዮዋ ልብስ ልትሞክር አይደል። ልማድ ነው እንጂ እንዲያው።

ይታይሽ፦ ቁጭ በል እዚያች ወንበር ላይ። ይግቡ ሲስተር፣ በሩ ክፍት ነው። ሱሪዎ ደርሷል። ሰፊው ወንድሜ ደምለው ነው፤ እኔ የእናታችን ልጅ ስለሆንኩ የምችል ባስመስልም ገና ተማሪው ነኝ፣ ሁለቱንም ግራ እግር ቆርጬ አበላሽቼው እሱ ነው ያተረፈው። የምረቃ ቀሚሴንም የሰፋው እሱ ነው። ደስ ካልዎት ይንገሩት፣ ካልወደዱትም ይንገሩት።

ደምለው፦ ሑሴን! በመስኮቱ ትሰማኛለህ? አንተ ሂድ፤ ለመጋዘኑ ሰውዬ ሳምንት ይስጠኝ በለው፣ ካልሰጠም ይተካኝ። ሲስተር ይግቡ፣ ጫማዎን አያውልቁ፤ ርዝመቱን የምቆርጠው በሚሄዱበት ጫማ ነው።