ለፈተና የተጠሩት አዛውንት

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከደባርቅ ወደ ጎንደር የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዳባት ላይ አንድ አዛውንት ጫነ። አጠገባቸው የተቀመጠው ጎልማሳ ወሬ ጀመረ።

«አባቴ፣ ለሕክምና ነው?»

«ለፈተና ነው። የሕክምና ተማሪዎች ዛሬ የሚፈተኑት በኔ ሆድ ነው። ዳስሰው በሽታዬን ያውቁታል፤ ስሙን እንዳልነግራቸው ፈታኞቹ አስጠንቅቀውኛል።»

«ብዙዎቹ እኮ የውጭ አገር ልጆች ናቸው! መንግሥት ከኛ ግብር በጀት ይመድብላቸዋል፤ የኔን ልጅ ግን ቦታ የለም አሏት።»

«ይህስ ያንገበግባል።»

«እንግዲያው ለኛ ልጆች የበሽታውን ስም ሹክ ይበሏቸው። የውጮቹ ይውደቁ።»

«አልልም።»

«ለወገን እንኳ?»

«ለማንም! የበጀቱን ነገር የዩኒቨርሲቲው አለቆች ዘንድ ገብተህ ፊት ለፊት ተናገር፤ ከፈለግህ እኔም አብሬህ እገባለሁ። ሹክ ማለቱን ግን ተወኝ።»

«ቢነግሯቸው ምን ይጎዳዎታል?»

«ዛሬ ሹክ ተብሎለት ያለፈው ነገ ሐኪም ሆኖ ቢላ ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚቀደደው ያንተ ሆድ ነው ወይስ የኔ?»

ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ሳላስበው እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ።