ለኃላፊነት ያላመለከተችው ሞግዚት

ከመጋላ ወደ ከዚራ ስሄድ፣ ባጃጁ ውስጥ ከጎኔ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ የአንድ ሕፃናት ማቆያ ሞግዚቶች።

«የኃላፊነቱ ማመልከቻ ዛሬ ይዘጋል። አስገባሽ ሀያት?»

«አላስገባሁም።»

«አቦ አታበሳጪኝ! ለምን?»

«ኃላፊ ከሆንኩ ቢሮ ልቀመጥ ነው። ልጆቹን ማን ያስተኛቸዋል? የሁሉም ትንሿ ጀርባዋን ቸብ ቸብ ካላደረጓት አትተኛም።»

«እኛ እጅ የለንም?»

«ዘሀራ ትሁን። እሷ አመልክታለች።»

«ዘሀራ! ልጅ ሲያለቅስ በር ዘግታ የምትወጣው? እሷ ደግሞ መቼ ማመልከቻ ጽፋ ታውቃለች! ማን ጻፈላት?»

ሀያት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ወላሂ አንቺ ነሽ!»

«ጻፊልኝ ስትለኝ እንዴት እምቢ ልበል?»

«ምን ብለሽ ጻፍሽላት?»

«‹ልጆች በጣም ትወዳለች› ብዬ።»

እኔም ለካ ጭኔ ላይ ያለውን ቦርሳ ቸብ ቸብ እያደረግኩት ነበር።