የአምስቱ ቡገንቪሊያዎች ፈተና

በ2006 ዓ.ም. ጥር 19 ቀን፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አንድ የአበባ ጣሳ ከጥላ ወደ ፀሐይ መዛወሩን ለአንባቢ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ጣሳው የዘይት ጣሳ ነበር፤ አበባው ቡገንቪሊያ። በዝውውሩ የተጎዳ ሰው የለም።

እኔ በዚያ ሰዓት የጠገንኩትን ቫንቲላተር፣ ማለትም የነፋስ ማራገቢያ፣ ተሸክሜ ወደ ባለቤቱ እየሄድኩ ነበር። በጋሽ ኃይለማርያም በር ሳልፍ የጠብ ድምፅ ሰማሁ። የጎረቤት ጠብ ሰምቶ ማለፍ ነውር ስለሆነ ቫንቲላተሩን አስቀምጬ ገባሁ።

ጋሽ ኃይለማርያም አባታቸው በምድር ባቡር ሥራ የመጡ፣ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ በግቢያቸው አበባ እያፈሉ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ጣሳውን የጎተተችው የወንድማቸው ልጅ ናዝሬት ናት፤ አዲስ አበባ ስለ ዕፅዋት ተምራ በቅርቡ ተመልሳለች።

“አንቺ ልጅ፣ ወደ ቦታው መልሺው! ይኸ ተክል የእኔን እጅ ያውቃል።”

“እጅዎን ስለሚያውቅ እኮ ነው ጋሼ፣ ከእጅዎ ሲወጣ የሚሞተው።”

ይህ አነጋገር ሽማግሌውን አመማቸው፤ እውነት ነበረበትና። ዶራሌ መንገድ ላይ ላለ አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት በተከታታይ አበባ ሸጠዋል፤ ሁለቱንም ዓመት ደርቋል። ዳይሬክተሯ መዳም ዓቢዳ “ዘንድሮም ከሞተ ከካርቲየ 3 ገበያ ፕላስቲክ ገዝቼ አስተክላለሁ” ብለው ልከዋል። ያ ከሆነ በከተማው ከጋሽ ኃይለማርያም አበባ የሚገዛ ሰው አይኖርም።

“የሞተው በዐይን ነው” አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። “መንገድ ዳር ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ ያየዋል።”

“የሾፌር ዐይን እንዲህ ኃይል ቢኖረው መጀመሪያ የፊተኛውን መኪና ጎማ ባፈነዳ!” አለች ናዝሬት። “የደረቁት ሐምሌና ነሐሴ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ነው። ተማሪ የለ፣ ዘበኛው ይተኛል። ጥም ነው የገደላቸው።”

“እና መድኃኒቱ ፀሐይ ላይ ማውጣት ነው?” አልኩ እኔ።

“መድኃኒቱ መፈተን ነው። በትምህርት ላይ ሳለን ሁለት የዕፅዋት መናፈሻዎች ጎብኝተናል። እያንዳንዱ ተክል ስሙ፣ የመጣበት አገርና የተተከለበት ቀን የተጻፈበት ሰሌዳ አለው።”

“ለአበባ መታወቂያ!” አሉ ጋሽ ኃይለማርያም። “እኔ እዚሁ ተወልጄ መታወቂያ ለማግኘት ዐሥራ አንድ ዓመት ተመላልሻለሁ።”

“ይስሙኝ እንጂ ጋሼ። አዲስ ዝርያ ሲመጣ ከነባሩ ጎን ይተክሉታል። አፈሩ አንድ፣ ፀሐዩ አንድ፣ ውኃው አንድ። ይኼ ያምራል፣ ያ ያስጠላል ብሎ የሚያዳላ የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ የበረታው ራሱን ያሳያል። የሞተውንም አይደብቁም፤ ሰሌዳው ላይ ‘ደረቀ’ ብለው ይጽፋሉ።”

ሽማግሌው በዚህ ደነገጡ። በሃምሳ ዓመት ሥራቸው አንድም ተክል ሞቶባቸው አያውቅም፤ የደረቀውን ሁሉ “ተሽጧል” ነው የሚሉት።

“አበባ ለውበቱ እንጂ ለጽናቱ አይተከልም። ሰማዕት ልናደርገው ነው እንዴ?”

“የደረቀ አበባ ውበቱ ምኑ ላይ ነው?”

የተማረ ልጅ ያለው ሽማግሌ ሁለት ምርጫ አለው፤ ዛሬ መሸነፍ ወይም ነገ መሸነፍ። ጋሽ ኃይለማርያም ለክብራቸው ሲሉ ነገን መረጡ። በማግሥቱ አምስት ጣሳዎች በአንድ ረድፍ ፀሐይ ላይ ተደረደሩ።

አንደኛው የጋሽ ኃይለማርያም ነባር ሐምራዊ ነው። ሁለተኛው ናዝሬት ከአዲስ አበባ ያመጣችው ብርቱካንማ አዲስ ዝርያ። ሦስተኛው ድርብርብ ቀይ ነው፤ መዳም ዓቢዳ ለመታዘብ ተጋብዘው ሲመጡ ገና ከበር አይተውት “የእኔ ይኼ ነው!” ያሉት። ከእኛ ሰዎች ጋር ግድግዳ ተጋርተው ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። አራተኛው ነጭ ሆኖ ጠርዙ ሮዝ ነው፤ እሱን እኔ ወደድኩት። አምስተኛው የሽንኩርት ልጣጭ የሚመስል ቢጫ ነው። እሱን የወደደ አልተገኘም።

ደንቡን ናዝሬት አነበበች። ለእያንዳንዱ በየሦስት ቀኑ አንድ የወተት ጣሳ ውኃ፤ የምታጠጣውም እሷ ብቻ። ሌላ ሰው እንዳይነካ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በፍርዱ ቀን፣ ሥር ይታያል። አራታችንም ቆመን ማልን። ጋሽ ኃይለማርያም በሚካኤል፣ መዳም ዓቢዳ በአላህ፣ ናዝሬት በሳይንስ። እኔ በሦስቱም ማልኩ።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ቀትር ላይ ከተማው በር ዘግቶ ሲተኛ ከጋሽ ኃይለማርያም ጋር አንዳንዴ ግቢው ውስጥ እንገጣጠም ነበር፤ እሳቸው ነፋስ ሊቀበሉ፣ እኔ የረሳሁትን ፒንሳ ልፈልግ። በጅቡቲ ቀትር ነፋስ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። መዳም ዓቢዳም በየሐሙሱ ትልቅ ቦርሳቸውን አንግተው ለመታዘብ ይመጡ ነበር።

ሚያዝያ 16 ቀን ፍርዱ ደረሰ። አራቱ ጣሳዎች ለምለም ቅጠል ነበሩ፤ አበባቸው ግን በጣት የሚቆጠር። አምስተኛው ቅጠሉ እስኪጠፋ በቢጫ አበባ ተሸፍኗል። ያ የሽንኩርት ልጣጭ ፀሐይ ሲያገኘው ወርቅ መሰለ።

ጋሽ ኃይለማርያም ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ።

“ተሸንፌአለሁ፤ መሸነፌም ደስ ብሎኛል” አሉ። “ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተክል የማውቀው በዐይኔ ነበር። ዐይን ግን የወደደውን ያደላል። ጎን ለጎን ተክሎ፣ እኩል አጠጥቶ፣ ያዩትን መጻፍ ግን አያዳላም። ከእንግዲህ ሳይፈተን ከዚህ ግቢ የሚወጣ አበባ የለም። ገዢ አይከስርም፤ ከተማውም ዓመቱን ሙሉ ያብባል። ልጆቻችን ከፕላስቲክ አበባ ሥር ከሚቀመጡ የተፈተነ አበባ እያዩ ቢማሩ አይሻልም?”

አጨበጨብን። ናዝሬት ዕንባዋ መጣ። “ይህ ሁሉ የሆነው ደንቡን ሁላችንም ስላከበርን ነው” አለች፤ ሁላችንም በአንገታችን አረጋገጥን።

“እንግዲህ የተክሎቹን ሥር ልይ” አሉ መዳም ዓቢዳ። “ያለፉት ሁለት ዓመታት የገዛሁት ሥር የሌለው ቅርንጫፍ ነበር።”

ናዝሬት ትንሽ ዘገየች። ነገር ግን “ሥር ይታያል” የሚለውን ደንቡ ላይ የጻፈችው ራሷ ናት። ደንቡ የፈቀደው ውኃ ደግሞ የፈሰሰው ከሦስት ቀን በፊት ነው። አንደኛውን ጣሳ ገልብጣ መታ መታ አደረገችው። አፈሩ ከነሥሩ ወጣ፤ ጭቃ ነበር።

“የሌሊት ጠል ይሆናል” አሉ ጋሽ ኃይለማርያም፣ ኮፍያቸውን መልሰው እያደረጉ።

አራተኛው ተገለበጠ። ውኃ ጠብ አለ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

“ጠሉ መርጦ ነው የሚወርደው?” አሉ መዳም ዓቢዳ እየሳቁ፤ ሦስተኛውን፣ ቀዩን ራሳቸው አነሡ። እሱም ጭቃ ነበር። ሳቃቸውን አቁመው የቦርሳቸውን ዚፕ ዘጉ፤ ውስጡ ያለው የውኃ ጠርሙስ ግን ኮሽ አለ።

ከአራቱ የቀረው የናዝሬት ብርቱካንማ ነው። ማንም ገልብጪ አላላትም። ገለበጠችው፤ ከሁሉ የረጠበው እሱ ነበር።

“ቡገንቪሊያ ውኃ ሲጠግብ ቅጠል ያበዛል” አለች ቀና ሳትል። “የሚያብበው ሲጠማ ነው።”

በመጨረሻ አምስተኛውን ገለበጠች። ሥሩ የጣሳውን ቅርጽ ይዞ እንደ ገመድ ተጠምዝዟል፤ አፈሩ እንደ ዱቄት ብን ብሎ የአራታችንም ጫማ ላይ አረፈ።

መዳም ዓቢዳ አቧራውን አላራገፉም።

“ከዚህኛው ስልሳ እገዛለሁ” አሉ። “የእኔ ዘበኛ ከዚህ በላይ አያጠጣም።”