ያልተሸጠው ጊሌ

ከአሰብ አውሮፕላን ማረፊያ በታክሲ ወደ ከተማ ስንገባ፣ መንገድ ላይ የተሳፈሩ አንድ የአፋር ሽማግሌ ከክረምት ዕረፍቷ የተመለሰችውን አስተማሪ ጠየቋት።

«ልጄ፣ ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

«ሁሉም ደህና ነው፣ አባባ።»

«ዳጉ እኮ ነው» አላት ሹፌሩ እየሳቀ። «አፋር መንገደኛን ያየውን ሁሉ ሳያስወራ አይለቅም።»

«እሺ። አዲስ አበባን ስዞር ከረምኩ። ለቡሄ መንገዱ ሁሉ ጅራፍ፣ ለእንቁጣጣሽ ደግሞ አበባ ነው። አፌን ከፍቼ ከረምኩ።»

«ሌላስ? ልጄ ወደዚያ ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቶብኛል።»

«መርካቶ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር አለ። የጣሊያን ግራሞፎን፣ የንጉሥ ዘመን ሜዳይ፣ ብቻ የሌለ ነገር የለም። እዚያ አንድ የአፋር ጎረምሳ አየሁ። ነጋዴዎች የታጠቀውን ጊሌ ሽጥልን ብለው ከበውታል፤ እሱ ‹የአባቴ ነው› ብሎ እምቢ አለ።»

«ሰገባው ምን ይመስላል?»

«ጫፉ በሰማያዊ የስልክ ሽቦ ታስሯል።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው «እኔ ነኝ ያሰርኩት» አሉ። «ከስቷል?»

«ኧረ አምሮበታል፣ አባባ። ይስቅ ነበር።»

«ሹፌር፣ አውርደኝ። እናቱ ትስማ።»

እኒያ ሽማግሌ በዚያ ፀሐይ ሲሮጡ በመስኮት እያየሁ መውረጃዬን አለፍኩት።