በቅርጫቱ የተቀመጠው

የምስክር ቃል

ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ደብረ ታቦር፣ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት
ቀን፦ ጥር ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፭ ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት
የምስክሩ ስም፦ ካሳሁን ድልነሳ
ዕድሜ፦ ፴፩
ሥራ፦ መካኒክ
አድራሻ፦ ትውልዱ ወይራ አምባ ማርያም፤ አሁን ደብረ ታቦር ከገበያው በላይ
ተከሳሽ፦ ወርቁ አንለይ
ሟች፦ ሙላቴ ገሠሠ
ከሳሽ፦ የሟች እናት እማሆይ እቴነሽ
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ሙሉ ተገኝ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ እንደ ተጻፈው ነው። እውነቱን ለመናገር ወንጌል መትቼ ምያለሁ። ከተከሳሹ ከወርቁ ጋር ያለኝን ዝምድና ስጠየቅ፣ አበልጄ መሆኑን፣ ወንዱን ልጄን ክርስትና ያነሣው እርሱ መሆኑን አስረድቻለሁ። ሟቹ ሙላቴ ጓደኛዬ ነበር። ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ሞተር ብስክሌቱን ይነዳ የነበረው ማን ነው ተብዬ ስጠየቅ፣ እኔ ነኝ ብዬ መልሻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይህም ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፎልኛል።

በጠላት ዘመን እዚሁ ደብረ ታቦር በጣልያን ጋራዥ እሠራ ነበር። ሙላቴ በጽሕፈት ቤታቸው አስተርጓሚ ነበር። ባንዳ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ጠመንጃ ይዞ አላየሁትም። እንጀራው ከጣልያን ነበር፤ የኔም እንዲሁ፤ ዛሬ በአርበኝነት ከሚፎክሩት የስንቱ እንደ ነበር ስም ጥራ ብባል እጠራለሁ፤ አልተጠየቅሁም እንጂ። ሦስተኛው ጓደኛችን አብዱ ሙስጠፋ ነው። በገበያው አቡጀዲ ይሸጥ ነበር።

በተባለው ቀን የጋራዡ አለቃ ጣልያን በማለዳ ወደ ጎንደር ሄደ። እኔ አንድ ሞተር ብስክሌት ጠግኜ ጨርሼ ነበር። በጎኑ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ነገር ተቀጥሎበታል፤ እኛ ቅርጫቱ እንለዋለን። ልሞክረው ብዬ ያለ ፈቃድ አወጣሁት። ሙላቴንና አብዱን ጠርቼ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ አንበሳሜ መንገድ ወጣን። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ሙላቴ ቅርጫቱ ውስጥ ሲገባ አለቃው ረስቶት የሄደውን የዝናብ ካፖርትና ባርኔጣ አገኘ። ልበሰው ያልሁት እኔ ነኝ። ሙላቴ ቀይና ረጅም ነበር፤ ባርኔጣውን ሲደፋ አገር ገዥ መሰለ። ከኋላዬ የተፈናጠጠው አብዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በመንገዱ ያገኘነው ሰው ሁሉ ለሙላቴ እጅ ነሣ። አንድ ባላገር ሸክሙን ጥሎ ጭቃው ላይ ተደፋ። ከሚካኤል የሚመለሱ ቄስ ከነጥላቸው ወደ ቦዩ ወረዱልን፤ እኔ ሆን ብዬ በኩሬው ላይ ነዳሁና ጭቃው ጥምጥማቸው ድረስ ረጫቸው። ሙላቴ ነውር ነው ተው አለኝ። ዛሬ ጌታ አንተ ነህ፣ አሽከር የታዘዘውን ነው የሚሠራ ብዬ አላገጥሁበት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። በጋራዡ በሳምንት ሁለቴ በጥፊ የምመታ ሰው ነበርሁ፤ ሌላው ሲፈራኝ ማየት ጣፈጠኝ።

ከአንበሳሜ ስንመለስ አምስት ሰዓት ገደማ ጅብ ዋሻ ከሚባለው ጠመዝማዛ ደረስን። መንገዱ በቀኝ ቋጥኝ፣ በግራ ገደል ነው። ከፊታችን አንድ ሰው ገብስ የተጫነች በቅሎ እየሳበ ይሄድ ነበር። ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነው። በዝናቡ እንዳያሟልጨው የበቅሎዋን ገመድ በክንዱ ጠምጥሞታል። መንገዱ ቁልቁለት ስለ ነበር ሞተሩን አጠፋሁና ያለ ድምፅ ተንሸራተትሁ። ከበቅሎዋ ጅራት አጠገብ ስደርስ ጡሩምባውን ነፋሁ። ለምን ተብዬ ስጠየቅ፣ ለሳቅ ነው ብዬ መልሻለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። በቅሎዋ ደንብራ ወደ ገደሉ ዘለለች፤ ሰውየውንም በክንዱ ይዛው ሄደች።

ፍሬን ይዤ አቆምሁ። ሦስታችንም ወርደን ወደ ታች አየን። የገደሉን ሆድ ጉም ሞልቶት ስለ ነበር ምንም አይታይም። ጥቂት ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ የሰው ያለህ የሚል ድምፅ መጣ። ደግሞ ተጣራ። እሪ አላለም፤ ጎረቤቱን ለደቦ የሚጠራ ይመስል ነበር። አብዱ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ሙላቴ ካፖርቱን አውልቆ መውረድ ጀመረ። እኔ ሞተሩ የስርቆት መሆኑን፣ አለቃው ዘጠኝ ሰዓት እንደሚመለስ፣ ከተያዝን ግርፋቱ ለኔ እንደሆነ ነገርሁት። አልሰማኝም። ካልተመለስህ ጥዬህ እሄዳለሁ አልሁት። ያን ጊዜ ቆመና ወደ ላይ አየኝ።

«ድምፁን አንተ አትሰማውም?» አለኝ።

ሞተሩን አስነሥቼ ቤንዚን ሰጠሁት፤ የሰውየው ድምፅ ጠፋ። ያስነሣኸው ድምፁን ላለመስማት ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎ ብዬ መልሻለሁ። ሙላቴ ወጣ። ዝናቡ ስለ በረታ ካፖርቱንና ባርኔጣውን መልሶ አድርጎ ቅርጫቱ ውስጥ ተቀመጠና ሄድን። ስምንት ሰዓት ላይ ሞተሩን አጥቤ ቦታው አቆምሁት፤ አለቃው አላወቀም።

የወደቀው ሰው ይርጋ አንለይ እንደ ነበር በማግስቱ ሰማሁ። የተከሳሹ የወርቁ ታላቅ ወንድም ነው። የወይራ አምባ ሰው፣ የአባቴ የእርሻ ጎረቤት ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በጀርባው ግን አልለየሁትም። አመሻሽ ላይ ሲያገኙት ክንዱ ከበቅሎዋ ጋር እንደ ታሰረ ነበር፤ ገላው ገና አልቀዘቀዘም አሉ። ሚስቱ ዘነበች ከገደሉ ማዶ እርሻ ላይ ነበረች። ጡሩምባ ሰምታ ቀና ስትል፣ አንድ ባለ ባርኔጣ ጌታ በቅርጫት ተቀምጦ ሁለት ሰዎች ይዘውት ሲሄዱ አየች። በጉሙ ምክንያት ፊታችንንም፣ የባሏን መውደቅም አልለየችም።

ሐምሌ ፳፫ ቀን እሑድ የአጥቢያው ጭቃ ሹም አውጫጭኝ ጠራ። ለጣልያኖቹ የሰበካ ጉባኤ ነው ተባለ። በአውጫጭኝ ርስት ያለው ሁሉ ይቀርባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የአባቴ ርስት እዚያ ስለሆነ እኔም ተጠርቼ ሄድሁ። ሰዉ በዝናብ ሁለት ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀመጠ። ጥጃ ያልተፈታለት፣ ሕፃን ጥሎ የመጣ፣ ሁሉም ያጉረመርም ነበር። ወርቁ ግን አልተቀመጠም፤ ሁለቱን ቀን በወንድሙ መቃብር አጠገብ ቆሞ ዋለ።

ሽማግሌዎቹ ሞተር በቅርብ አይተው አያውቁም። በበቅሎ ልማድ ነው የፈረዱት። ልጓም የያዘ አሽከር ጌታው ባጠፋው ደም አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የተቀመጠው ጌታ ነው አሉ። ሞተሩንም እንዲሁ ቆጠሩት፤ ቀንዱን ይዞ ከፊት ያለው ሎሌ ነው፣ በቅርጫት የተቀመጠው ጌታ ነው፣ ሎሌው ያለ ጌታው ቃል ጡሩምባ አይነፋም አሉ። ይህን ሲሉ እሰማ ነበር። ሞተር እንዴት እንደሚነዳ በዚያ ጉባኤ የሚያውቅ ከኔ በቀር አልነበረም። የጋራዥ ሰው ስለሆንሁ ተራዬ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑን በር አስይዘው አስማሉኝ። ከሁለቱ አሽከሮች አንዱ ነበርህ ወይ አሉኝ። ከኮርቻው ላይ ከነበሩት አንዱ ነበርሁ አልሁ። ጭቃ ሹሙ አንተስ የታዘዝኸውን ነው፣ አትፍራ አሉኝ። ቀጥለውም ጠየቁኝ።

«በቅርጫቱ የተቀመጠው ማን ነው?»

«ሙላቴ ገሠሠ ነው» አልሁ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጭቃ ሹሙ እግዜር ይስጥህ ብለው መረቁኝና ሕዝቡን አሰናበቱ። ሰዉ ደስ ብሎት ወደ ከብቱና ወደ ልጁ ሮጠ። ወርቁ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ፤ በዚህ ዘመን እውነት የሚናገር ሰው አለ እንዴ አለኝ። የዋሸሁት ነገር የለም። የተጠየቅሁትን መለስሁ።

ይህን ለሙላቴ አልነገርሁትም። እርሱ በዚያን ጊዜ መኝታ አጥቶ ነበር፤ ጣልያኖቹ ሲናገሩ የሰውየው ድምፅ በመሐል እየገባበት ትርጉም እንደሚጠፋበት አጫውቶኛል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ወደ ጋራዡ መጣና፣ በአርባው ተዝካር ላይ ድንጋይ ተሸክመን ይቅርታ እንለምን፣ ሦስታችንም ጥለነው ሄደናል አለኝ። አብዱ እሺ ብሎት ነበር፤ በተዝካሩ ዕለት ጧት ግን ሱቁን ዘግቶ ወደ እብናት ጠፋ። እኔ እሄዳለሁ፣ ድንጋይ ግን ወገቤን ስለሚያመኝ አልሸከምም አልሁት። ወገቤን አያመኝም ነበር። ወርቁ በቅርጫት የተቀመጠውን እንደሚፈልግ ታውቅ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አዎ አውቅ ነበር ብዬ መልሻለሁ። ሙላቴን ልከለክለው እችል ነበር። ብከለክለው ግን ለምን ይለኛል፤ ለምን ካለኝ አውጫጭኙን ልነግረው ነው፤ ከነገርሁት ደግሞ ለሽማግሌዎቹ ጡሩምባውን በገዛ ፈቃዱ የነፋው ካሳሁን ነው ይላል። ደሙ ከእርሱ ወደ እኔ ይዞር ነበር። ፈራሁ፤ ሚስቴ አዲስ ሙሽራ ነበረች።

ነሐሴ ፳፩ ቀን እሑድ አራት ሰዓት ላይ ከይርጋ ቤት ደረስን። ዳሱ ሞልቶ ነበር። ሙላቴ ከበሩ ላይ ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ አንሥቶ ጫንቃው ላይ አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ ስለ ማርያም፣ ስለ ማርያም እያለ ገባ። እኔ ከኋላው በምሰሶው አጠገብ ቆምሁ። ካህናቱ ተነሡ። ወርቁ ከመሶቡ ተነሥቶ ከፊቱ ቆመ።

«በቅርጫቱ የነበርኸው አንተ ነህ?» አለው።

«እኔ ነኝ። ሲጣራ ሰምቼ ትቼው ሄድሁ» አለ።

ሙላቴ ይህን ብሎ አንገቱን ከድንጋዩ ሥር አዙሮ ወደ እኔ አየ። የምናገር መስሎት ቆየ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ወርቁ እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ከጫንቃው አነሣለት። ድንጋይ ከተነሣ ምሕረት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ካህናቱ ተመስገን አሉ። ዘነበች ራሷ እያለቀሰች እልል አለች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። ሙላቴ የወርቁን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ወርቁ በዚያው ድንጋይ ማጅራቱን መታው። ሁለተኛም መታው። ከዳሱ ውጭ የነበሩት ሴቶች ስላላዩ እልልታቸውን አላቆሙም ነበር።

ሙላቴ ቃል ሳይናገር ሞተ። ባንዳ ስለ ነበር ነው የገደልሁት የሚለው የተከሳሹ ቃል ተነግሮኝ፣ በዚያ ዳስ ባንዳ የሚል ቃል ከማንም አፍ አለመውጣቱን አስረድቻለሁ። የተገደለው ድንጋይ ተሸክሞ የገባ ሰው ነው። ወርቁ ያን ቀን ሸፈተ፤ ኋላም አርበኛ ሆነ። እማሆይ እቴነሽ አንድ ልጃቸውን በቃሬዛ አስነሥተው ቀበሩ፤ ከሬሳው በስተ ራስ በኩል ከያዙት አንዱ እኔ ነበርሁ። እርሳቸውም አንተ ተርፈህልኛል ብለው አቀፉኝ።

በኅዳር ወር ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ልጄ አርባ ቀን ሲሞላው ወርቁ ከዱር ሰው ላከብኝ። በአውጫጭኙ እውነቱን ስለ ነገርኸኝ ወንድሜ ነህ፣ ንስሐዬንም ጨርሻለሁ፣ ልጅህን ክርስትና ላንሣልህ አለ። እንቢ ለማለት ምክንያት አጣሁ። ጠመንጃውን ከቅጥሩ በር ላይ አስደግፎ ገባና ሕፃኑን ታቅፎ አነሣው፤ ስሙንም እውነቱ ያለው እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ እስኪታሰር ድረስ ቅቤውንም፣ ሙክቱንም ሳይልክ የቀረበት በዓል የለም።

አብዱ ባለፈው ወር ቃሉን ባይሰጥ ኖሮ ራስህ መጥተህ ትናገር ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አላውቅም ብዬ መልሻለሁ። ይህ ቃል ተከሳሹ ባለበት እንደሚነበብ ተነግሮኝ፣ እርሱ ሳይኖር እንዲነበብልኝ ለምኜ ነበር፤ ሕጉ አይፈቅድም ተብያለሁ።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ሁሉ ከአፌ የወጣ ነው፤ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ ሐሰት የለበትም። በወይራ አምባ ማርያም በር ላይ የሰጠሁትም ቃል ሐሰት አልነበረበትም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ካሳሁን ድልነሳ

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ በዚሁ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተከሳሹ ወርቁ አንለይ ከእስር ቤት ቀርቦ፣ ምስክሩም ፊት ለፊት ቆሞ፣ ቃሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነበበለት። ተከሳሹ ለምስክሩ ጥያቄ እንዳለው ተጠይቆ፣ አንድ ብቻ አለኝ ብሎ «የክርስትና ልጄ አሁን ስንት ዓመቱ ሆነ?» ሲል ጠየቀ። ምስክሩ እንዲመልስ ሁለት ጊዜ ታዘዘ፤ ወደ መሬት ተመለከተ።

አሥር አለቃ ሙሉ ተገኝ፣ ፊርማ
ተከሳሽ ወርቁ አንለይ፣ የጣት አሻራ