የሞተው ቦዳ ነጂ

ከጁባ ታውን ወደ ንያኩሮን በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት የአገሬ ልጆች ተቀምጠዋል፤ አንድ ጎረምሳና አንዲት ልጅ።

«ለኢንሹራንሱ ድርጅት ኢንተርኔት ላይ የምትጽፈውን ሰው ያነበዋል እንዴ?» አለችው ልጅቷ።

«የኢንሹራንስ ጥቅም እያልኩ ስጽፍ አንድ ደንበኛ አልደወለም። አንድ ሰው ስገድል ግን ስልኩ ማረፊያ አጣ።»

«ምን አደረግክ?»

«ጽሑፉ ላይ ነዋ! አንድ ቦዳ ነጂ ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ ወጣ፣ መኪና ገጨው፣ ኢንሹራንስ ስላልነበረው እናቱ ለልመና ወጣች።»

«ውይ! እውነት ነው?»

«ኧረ ፈጠራ ነው! ልጁ የኛው አበሻ ነው፤ ኮር ዊሊያም ሰፈር ቆሞ በሞተሩ ሰው ይጭናል። ሶዳ ጋብዤው ፎቶ አነሳሁት።»

«መሞቱን ነግረኸዋል?»

«ለማስታወቂያ ነው አልኩት፤ ደስ ብሎት ሳቀ።»

«አንተ ግፈኛ! እናቱ ብታየውስ?»

«እናት ደግሞ ኢንተርኔት የት ታውቃለች! እንኪ፣ እዪው።»

«በስማም! ከሥሩ ስንቱ ነፍስ ይማር ብሏል!»

በትከሻዋ በኩል አንገቴን አስግጌ ስልኩን ሳይ፣ ለገና የገዛሁለትን ቢጫ ጃኬት ለብሶ የሚስቀው የኔ ልጅ ነው።

ወዲያው ደወልኩለት፤ «አቤት እማዬ» ሲለኝ ትንፋሹን አዳመጥኩ።